ሰበቃና የቁጥጥር ሉፕ፦ ቫልቩ ሲጣበቅ ኮንትሮለሩ ለምን ያብዳል?

ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን መስመር ያውቀዋል። የፍሰቱ ንባብ ስክሪኑ ላይ ከዒላማው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ በአንዴ ከዒላማው በታች ይወርድና እዚያም ይቆማል። ከዚያ ደግሞ ዘሎ ይወጣል። እንዲህ ሲል ያድራል። የሌሊት ሺፍቱ ኦፕሬተር «ሉፑ ቱኒንግ ይፈልጋል»፣ ማለትም ቫልቩን የሚያዘው ኮንትሮለር ቁጥሮች ይስተካከሉ፣ ብሎ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ጠዋት ቴክኒሻኑ መጥቶ ጌይኑን (ኮንትሮለሩ ለስሕተት የሚሰጠውን ምላሽ መጠን) ይቀንሳል፣ መወዛወዙ ዝግ ይላል፣ ሁሉም ተገላገልን ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። በማግስቱ ስክሪኑን ያየ ግን ያንኑ መስመር ያገኘዋል። ድሮ በየደቂቃው ይገለባበጥ የነበረው አሁን በየአራትና አምስት ደቂቃው ይገለባበጣል እንጂ አልቆመም። ከፍታውም አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ኮንትሮለሩ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ያለው ታች፣ ፍሰቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ዘንግ ላይ ነው። ሰበቃ ነው፤ በተለምዶ ፍሪክሽን የምንለው።

የሚገርመው ግን ሰበቃን በጅምላ መርገምም አይቻልም። አንዱ የሰበቃ ዓይነት ሥርዓቱን የሚያረጋጋው ራሱ ነው፣ እሱ ባይኖር ብዙ ማሽን እየተንቀጠቀጠ ያልቅ ነበር። ሌላው ዓይነት ደግሞ ጤነኛ የነበረውን ሉፕ ያሳብዳል። የቱ እንዳጋጠመን ሳንለይ የኮንትሮለሩን ቁጥሮች መነካካት የፈረደበት ቱኒንግ ላይ ማላከክ ነው።

ለጀማሪ ባጭሩ ላስቀምጠው። ግብረ መልስ ያለው ቁጥጥር ማለት ለክቶ፣ ከሚፈለገው ጋር አነፃፅሮ፣ በልዩነቱ ልክ ማስተካከል ነው፤ ሉፕ የምንለው ይህን ዙር ነው። የፋብሪካ ኮንትሮለር አብዛኛውን ጊዜ ፒአይዲ ነው። ፒ አሁን ባለው ስሕተት ልክ ያዝዛል። አይ ስሕተቱን እያጠራቀመ ትእዛዙን ያሳድጋል። ዲ ስሕተቱ በምን ፍጥነት እየተለወጠ እንደሆነ ያያል። ሂሳቡን ተዉት። እዚህ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይ ስሕተት እስካለ ድረስ እንቅልፍ የለውም። ስሕተቷ ትንሽም ብትሆን ያጠራቅማታል።

መረጋጋት የምንለው ደግሞ ይህ ነው። ሥርዓቱን የሆነ ነገር ገፋ ሲያደርገው መወዛወዝ ይጀምራል፤ ያ መወዛወዝ እየሞተ ከሄደ የተረጋጋ ነው፣ እያደገ ከሄደ አይደለም። ማስተካከያ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ምክንያቱም ለመለካትም ለመንቀሳቀስም ጊዜ ይፈጃል። ዘግይቶ የመጣ ማስተካከያ ነገሩ ሊመለስ ሲል በተመሳሳይ አቅጣጫ ይገፋዋል። ስለዚህ በየዙሩ ጉልበት ይጨመራል። መወዛወዙ እንዲሞት ያንን ጉልበት የሚያወጣ ነገር ያስፈልጋል። ከሚያወጡት ዋናው ሰበቃ ነው፤ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ለውጦ ይገላግለናል።

ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራው በዘይት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚገጥመው ዓይነት ሰበቃ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ተቃውሞው በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ፍጥነት ዜሮ ሲሆን ተቃውሞውም ዜሮ ይሆናል። የመኪና ሾክ አብዞርበር የተሠራው በዚህ ነው። ነገሩ ሲቆም የሚይዘው ኃይል ስለሌለ ሥርዓቱ ዒላማው ላይ ሳይደነቃቀፍ ይደርሳል። የቁጥጥር መሐንዲስ የሚወደው ሰበቃ ይህ ነው። መጻሕፍት ላይ የሚገኘውም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም ሂሳቡ ቀጥ ያለ መስመር ነው።

ይህ ነገር ከቲዎሪ ቀድሞ በተግባር የታየበት ታሪክ አለ፣ እኔ በጣም ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1788 ጀምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ያሉት ጋቨርነር፣ ማለትም የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ገጠመ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ በእነሱ ተጎትቶ የእንፋሎቱ መግቢያ ይጠባል፣ ሞተሩ ይዘገያል። ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዳሉ፣ መግቢያው ይሰፋል። ለአሠርት ዓመታት ያለ ብዙ ጣጣ ሠራ። ችግሩ የመጣው ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ሞተሮቹ እየተሻሻሉ ሲሄዱ ጋቨርነሮቹ እየባሰባቸው ሄደ። ፍጥነቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ይወጣል ይወርዳል፣ አንድ ቦታ አይረጋም።

ነገሩ ለጊዜው ግራ አጋባ። የድሮው ማሽን ሻካራ ነበር፣ መጋጠሚያው ሁሉ ይሰብቃል። ማንም ሳያቅድ ያ ሰበቃ መወዛወዙን ይገድል ነበር። የብረት ሥራው እየጠራ ሲመጣ ሰበቃው ቀነሰ፣ ጋቨርነሩን ያረጋጋው የነበረው ነገርም አብሮ ሄደ። ማሽኑን ማሻሻል ቁጥጥሩን አበላሸው ማለት ነው።

ግሪንዊች የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ ተመሳሳይ ነገር ቴሌስኮፕ ላይ ገጥሞት ነበር። ቴሌስኮፑ ኮከብን ተከትሎ በዝግታና በእኩል ፍጥነት መዞር ስላለበት የፍጥነት መቆጣጠሪያ ተገጠመለት፣ መቆጣጠሪያው ግን ራሱ እየናወዘ አስቸገረ። ኤሪ በ1840 ስለ ጉዳዩ ጽፎ አሳተመ። በ1868 ጀምስ ክለርክ ማክስዌል ስለ ጋቨርነሮች የጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ መጣ፤ የመረጋጋት ጥያቄ የአንድ እኩልታ ሥሮች ምን ዓይነት ናቸው ወደሚል ጥያቄ እንደሚወርድ አሳየ። ማክስዌልን ብዙ ሰው ያነሳዋል። ለፋብሪካ ሰው ግን የበለጠ የጠቀመው ሴንት ፒተርስበርግ የነበረው ኢቫን ቪሽኔግራድስኪ ይመስለኛል። ሰውዬው ኋላ የሩሲያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኗል፣ ይህ እንኳን ለወሬ ያህል ነው።

ቪሽኔግራድስኪ በ1876 የደረሰበት መደምደሚያ መሐንዲስ ቆሞ ሊያነበው በሚችል ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የዘመኑ ማሽን ለምን እንደሚናወዝ አራት ምክንያት ሰጠ። ቫልቮቹ ስለከበዱ የጋቨርነሩ ኳሶች መክበዳቸው፣ የብረት ሥራው ስለጠራ ሰበቃው መቀነሱ፣ ማሽኑ ፈጣን ስለሆነ የሚሽከረከረው ጎማ ኢነርሺያ (የፍጥነት ለውጥን የሚቃወምበት ጉልበት) መቀነሱ፣ አራተኛው ደግሞ ሰዎች ፍጥነቱ ከጭነት ጋር ምንም እንዳይለወጥ መፈለጋቸው። መፍትሔውም ግልጽ ነበር፦ ጋቨርነሩ ላይ የዘይት ማርገቢያ ግጠሙ። የጠፋውን ሰበቃ መልሱ፣ ነገር ግን በዘይቱ በኩል መልሱ።

ለምን በዘይቱ በኩል? ማሽኑን መልሶ ማሻከርስ?

እዚህ ጋ ደረቁ ሰበቃ ይመጣል። ሁለት ደረቅ ነገሮች ሲፋተጉ ያለው ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር ብዙም አይለወጥም። ቀስ ብትሉም ብትሮጡም ያው ነው፤ ኩሎን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ሕግ ነው። ይህ ኃይል ቋሚ በመሆኑ አንድ ተንኮለኛ ፀባይ አለው። መወዛወዙ ትንሽ ሲሆን ሰበቃው ከእሱ አንፃር ትልቅ ነው፣ ቶሎ ይገድለዋል። መወዛወዙ ትልቅ ሲሆን ግን ያው ሰበቃ ከእሱ አንፃር ኢምንት ነው፣ አያቆመውም። ዘይቱ እንዲህ አያደርግም፤ መወዛወዙ ሲያድግ አብሮት ያድጋል።

ስለዚህ በመሠረቱ ያልተረጋጋ ሥርዓት ደረቅ ሰበቃ ሲኖርበት የተረጋጋ መስሎ ይታያል። በሙከራ ጊዜ ነካ ነካ ሲያደርጉት ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ትልቅ ጭነት በድንገት ሲወድቅበት፣ ትራንስፎርመር ሲጠፋ ወይም አንድ ፓምፕ ሲቆም፣ መወዛወዙ ሰበቃው ሊገድለው ከሚችለው መጠን ያልፍና እያደገ ይሄዳል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አንድሮኖቭ እና ማየር የሚባሉ የሶቭየት ሊቃውንት በ1940ዎቹ የቪሽኔግራድስኪን ማሽን ከነደረቅ ሰበቃው በሂሳብ ሙሉ በሙሉ ፈትተውት ያገኙት ይህንኑ ነው፦ የመረጋጋት ሕጉ ከተጣሰ ደረቁ ሰበቃ ከትንሽ መናወጥ ያድናል፣ ከትልቅ አያድንም። በእኔ አስተያየት ይህ ከቀጥተኛ አለመረጋጋት ይብሳል። በግልጽ የሚናወዝ ማሽን ቢያንስ አስረካቢው ቆሞ እያለ ነው ነገሩ የሚታወቀው።

እስካሁን ያወራነው ስለሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቫልቭ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ከቆመ የማይነሳ ነገር ችግር ነው።

የቆመን ነገር ለማስነሳት የሚጠይቀው ኃይል የተነሳውን ለማስኬድ ከሚጠይቀው ይበልጣል። የማስነሻ ሰበቃና የማስኬጃ ሰበቃ እንበላቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ጣጣው። አንድ ነገር ተጣብቆ ሳለ እየገፋችሁት ከሄዳችሁ ኃይል ይጠራቀማል፣ የማስነሻው ገደብ ላይ ሲደርስ ይነሳል፣ ሲነሳ ግን ተቃውሞው በድንገት ስለሚቀንስ የተጠራቀመው ኃይል ሁሉ በአንዴ ይለቀቅና ካሰባችሁት አልፎ ይዘላል። ከዚያ እንደገና ይጣበቃል። ማሲንቆ የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው፤ የቅስቱ የፈረስ ጭራ አውታሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ አውታሩ ይነጠቃል፣ እንደገና ይያዛል፣ ይህ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። ቫልቩ ላይ ግን ማንም ዜማ አልጠየቀም።

አሁን በቁጥር እንየው። አንድ በአየር የሚሠራ ቫልቭ 50 ከመቶ ተከፍቶ ቆሟል። ዒላማው ላይ ለመድረስ 50.5 መሆን ነበረበት። ዘንጉ ተጣብቋል፣ ትእዛዙ ካለበት ቦታ በ1 ከመቶ ካልራቀ አይነሳም፤ ሲነሳ ደግሞ ዘሎ ትእዛዙ ያለበት ይደርሳል። ነገሩን ለማቅለል ነው እንዲህ ያልኩት፣ እውነተኛው ቫልቭ ትንሽ ከዚህ ያነሰ ይዘላል።

ፍሰቱ ከዒላማው በታች ነው። አይ ማጠራቀም ይጀምራል። ትእዛዙ 50.2፣ 50.4፣ 50.6 ይላል። ቫልቩ ንቅንቅ የለም። ኮንትሮለሩ ስለ ቫልቩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ፍሰቱን ብቻ ያያል፣ ፍሰቱ አልተለወጠም፣ ስለዚህ ማሳደጉን ይቀጥላል። 50.5 ላይ መቆም እንደነበረበት ማን ይንገረው? 51 ሲደርስ ቫልቩ ይነጠቅና 51 ላይ ቁጭ ይላል። አሁን ፍሰቱ ከዒላማው በላይ ሆነ። አይ ወደ ታች ማጠራቀም ይጀምራል። 50.8፣ 50.6፣ 50.4። ቫልቩ አሁንም ንቅንቅ የለም። 50 ሲደርስ ዘሎ 50 ላይ ይቀመጣል። ተመልሰን ከተነሳንበት ገባን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ቅርፁ ነው። ትእዛዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሽቅብ ቁልቁል ይሄዳል፣ ፍሰቱ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ወርዶ ይቆማል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። የሚዘለው 1 ከመቶ የመጣው ከቫልቩ ነው፣ ከኮንትሮለሩ አይደለም። ጌይኑን በግማሽ ብትቀንሱት አይ ከ50 ወደ 51 ለመድረስ በግምት ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ደርሶ ግን ያንኑ 1 ከመቶ ይዘላል። ቴክኒሻኑ ጌይኑን ሲቀንስ መወዛወዙ የዘገየውና ከፍታው ያልቀነሰው ለዚህ ነው።

ፒ ብቻ ቢሆን ኖሮስ? አይወዛወዝም ነበር። ቫልቩ ተጣብቆ፣ ትእዛዙም በስሕተቱ ልክ ቆሞ፣ ሁለቱም ተፋጠው ይቀራሉ። ፍሰቱ ከዒላማው ትንሽ ርቆ በሰላም ይኖራል። አይ የተጨመረው ይህችን ትንሽ ስሕተት ለማጥፋት ነበር፤ ሰበቃ ባለበት ግን ስሕተቷን ወደ ማያቋርጥ መወዛወዝ ቀየራት። ታንክ ውስጥ ያለውን የፈሳሽ ከፍታ የሚቆጣጠር ሉፕ ላይ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፣ ማለትም ለመበላሸት ይቀላል። ታንኩ ራሱ የሚያጠራቅም ነገር ስለሆነ፣ የማስነሻውና የማስኬጃው ልዩነት ባይኖር እንኳን፣ ቫልቩ አቅጣጫ ሲቀይር ያለችው ትንሽ ክፍተት ከአይ ጋር ተደምራ ብቻዋን ታወዛውዘዋለች።

ለመሆኑ ቫልቭ ለምን ይጣበቃል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ፓኪንጉ ነው። ዘንጉ ከቫልቩ አካል ወጥቶ ወደ ላይ በሚሄድበት ቦታ እንፋሎቱ ወይም ኬሚካሉ እንዳያፈስ የሚታሸግ ቀለበት አለ። ሙቀት በማይበዛበት ቦታ ከቴፍሎን ይሠራል፣ ይህ ለስላሳ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ግራፋይት ይደረጋል፣ ግራፋይት ደግሞ ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል። አንድ ቀን ትንሽ ማፍሰስ ይጀምራል። የተረኛው መካኒክ ቁልፉን ይዞ ይመጣና ሁለቱን ዳዶዎች ጠበቅ ያደርጋቸዋል። ማፍሰሱ ይቆማል፣ ሥራው ተሠራ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሉፑ ለምን እንደተበላሸ አልገባውም፤ ቁልፍ ያዞረው ሰውና ስክሪን የሚያየው ሰው አይነጋገሩም። የዘንግ መዛግ፣ የሞላ መዳከም፣ ለቫልቩ ያነሰ የአየር ጉልበት እነዚህም አሉ፣ ግን ሁሌ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዳዶዎቹን ነው።

ታዲያ የቱኒንግ ይሁን የሰበቃ በምን ይለያል? መጀመሪያ ቅርፁን እዩ። ጌይኑ በዝቶ የሚወዛወዝ ሉፕ ለስላሳ ሞገድ ነው የሚያወጣው፣ ኩርባው ክብ ነው። ተጣብቆ የሚዘል ቫልቭ ማዕዘን ያወጣል። ግን ታንክና ረጅም ቧንቧ መካከል ላይ ካሉ ማዕዘኑ ይለሰልስና ያሳስታል፣ ስለዚህ በቅርፅ ብቻ አትፍረዱ። ቀጥሎ ሉፑን ማኑዋል አድርጉት፣ ማለትም ኮንትሮለሩ ማዘዙን ያቁምና ትእዛዙን በእጃችሁ ስጡ። መወዛወዙ ከቀጠለ ጥፋቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፣ ቫልቩን ተዉት (ፖዚሽነር የሚባል የራሱ መቆጣጠሪያ ያለው ቫልቭ ግን ለየት ይላል፣ ኋላ እመለስበታለሁ)። ከቆመ ጥፋቱ እዚህ ሉፕ ውስጥ ነው፣ ግን ቱኒንግ ይሁን ቫልቭ ገና አልታወቀም። ማኑዋል ላይ እንዳለ ትእዛዙን ሩብ ከመቶ ጨምሩ፣ ጠብቁ፣ ፍሰቱን እዩ። ምንም የለም? ደግሞ ሩብ። ምንም? ደግሞ ሩብ። ከዚያ ፍሰቱ ድንገት ሲዘል የተጨመረው ሁሉ ተደምሮ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ከዚያ ወደ ኋላ መልሱና እዚያም ስንት ላይ እንደሚነሳ እዩ። ጥሩ ቫልቭ ከግማሽ ከመቶ በታች ላይ ይመልሳል። ሁለትና ሦስት ከመቶ ተጨምሮ ዝም የሚል ከሆነ ጨዋታው አለቀ፤ የፈለጋችሁትን ያህል ቱን ብታደርጉ አይድንም። ይህን ለማድረግ ሂደቱን ለግማሽ ሰዓት የሚታገስ ኦፕሬተር ያስፈልጋል፣ እሱን ማግኘት ነው ከባዱ ሥራ።

ፋብሪካ ትተን ወደ ሞተርና ሮቦት ስንሄድ ሰበቃው ያው ነው፣ የሚታየው ግን በሌላ መልክ ነው። የሲኤንሲ ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚነዳ ብረት መቁረጫ፣ ክብ ሲቆርጥ ሁለቱ አክሲሶች (አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ፊትና ኋላ የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎች) በየተራ አቅጣጫ ይቀይራሉ። አንዱ ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ ሊመለስ ሲል ለቅፅበት ይጣበቃል። ስለዚህ ክቡ ላይ አራት ቦታ፣ በየሩብ ዙሩ፣ ጥቃቅን እብጠት ይወጣል። ክብ የተቆረጠ ብረት በጣት ስትዳስሱ አራት ቦታ ላይ የምትሰማችሁ ምልክት እሷ ናት። በሽታው ቢላው አይደለም።

እዚህ ጋ ፕሮግራመሮች የሚወዱት መፍትሔ አለ። ሰበቃው ስንት እንደሆነ ለክተን በምንሄድበት አቅጣጫ ያንኑ ያህል ኃይል ቀድመን እንጨምራለን፤ ሰበቃው ተሰረዘ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በልክ ከሆነ። ከሰበቃው አሳንሳችሁ ከጨመራችሁ ትንሽ ሰበቃ ይቀራል፣ ምንም አይደለም። አብልጣችሁ ከጨመራችሁ ግን ትርፉ ኃይል ሁልጊዜ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይገፋል። ሰበቃ ጉልበት ያወጣ ነበር፤ ይህ ጉልበት ያስገባል። ማሽኑ ዝም ብሎ በቆመበት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ነገሩን የሚያከብደው ሰበቃው ቋሚ አለመሆኑ ነው። ጠዋት ግራሶው ቀዝቅዞ የተለካው ቁጥር፣ ሮቦቱ አንድ ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ በዝቶ ይገኛል። በጠዋቱ ልክ የተሰጠው ማካካሻ ከሰዓት ላይ ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች ሆን ብለው ያሳንሱታል። ስስት እዚህ ይጎዳል።

ሌላው ዘዴ ነገሩ ጨርሶ እንዳይቆም ማድረግ ነው። ካልቆመ አይጣበቅም። የኤክስካቫተርና የሌሎች ትላልቅ ማሽኖች ሃይድሮሊክ ቫልቮች የሚነዱት ብዙ ጊዜ በሰከንድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ገደማ በሚቆራረጥ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቫልቩ ውስጥ ያለው ዘንግ ለዓይን በማይታይ መጠን ይንቀጠቀጣል፣ ትእዛዝ ሲመጣ ቀድሞውኑ ተነስቶ ስለሚጠብቅ የማስነሻ ሰበቃ የሚባል ነገር አይገጥመውም። ፋብሪካ ውስጥ ቫልቩን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ የሚያስነሳ አሮጌ ቴክኒሻን አይታችሁ ከሆነ የሚያደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም። እሱን ግን አትምሰሉት፣ ዘንጉ ይጎብጣል።

ስለ ፍሬን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም እዚያ ሰበቃው ችግር ሳይሆን የምንቆጣጠረው ነገር ራሱ ነው። መኪና ፍሬን ሲይዝ ጎማው ከመንገዱ ትንሽ ይዘገያል፤ ይህ መንሸራተት ከ10 እስከ 20 ከመቶ አካባቢ ሲሆን የሚይዘው ኃይል ከፍተኛው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ መንሸራተቱ ሲጨምር መያዙም ይጨምራል፣ ሥርዓቱ ራሱን ያርማል። ከጫፉ ካለፈ ግን መንሸራተቱ ሲጨምር መያዙ ይቀንሳል፣ ስለቀነሰ ጎማው የበለጠ ይዘገያል፣ የበለጠ ስለዘገየ መያዙ የበለጠ ይቀንሳል፣ ጎማው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቆልፋል። የሰው እግር ይህን አይደርስበትም። ቦሽ የተባለው ኩባንያ በ1978 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ያወጣው ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል ፍሬን) የሚያደርገው ጎማው ከጫፉ ሲያልፍ ፍሬኑን መልቀቅ፣ ሲመለስ መልሶ መያዝ ነው። ፔዳሉ ከእግራችሁ በታች ትር ትር የሚለው ለዚህ ነው። ሆን ተብሎ በጫፉ ዙሪያ እንዲወዛወዝ ተደርጓል። ፋብሪካ ላይ የምንሸሸውን ነገር እዚህ ፈልገን ገጠምነው።

ወደ ተጣበቀው ቫልቭ እንመለስ፣ ምክንያቱም አሁንም እየዘለለ ነው። ትክክለኛው መድኃኒት ሜካኒካል ነው። ፓኪንጉን መቀየር፣ ዘንጉን ማጽዳት፣ የአየሩ ጉልበት ካነሰ ትልቅ ማስገባት። ብዙዎች ፖዚሽነር መግጠም ይቀላል ይላሉ። ፖዚሽነር ማለት የቫልቩን ቦታ እየለካ ራሱን ችሎ የሚያርም ትንሽ ኮንትሮለር ነው፣ ኃይለኛ አየር ስለሚልክ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ግን እሱም ሉፕ ነው። ውስጡ አይ ካለውና ሰበቃው ብዙ ከሆነ እዚያው ቫልቩ ላይ ሆኖ ለብቻው ያንኑ ጨዋታ ይጀምራል፣ አሁን ደግሞ በፍጥነት። ስለዚህ ፖዚሽነር የተገጠመለት ቫልቭ ከተወዛወዘ የውጪውን ሉፕ ማኑዋል አድርጋችሁ ዘንጉን በዓይናችሁ እዩት፤ ትእዛዙ ቆሞ ዘንጉ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

ቫልቩ እስከ ዓመታዊው ጥገና ካልወጣ ምን ይደረግ? አንድ መውጫ አለ። ስሕተቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን አይ ማጠራቀሙን እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል፣ አብዛኞቹ የዛሬ ኮንትሮለሮች ይህ አማራጭ አላቸው። በላይኛው ምሳሌ ግማሽ ከመቶ የሚያህል ስሕተት ከታገሥን ቫልቩ 50 ላይ ወይም 51 ላይ አርፎ ይቀመጣል፣ መዝለሉም ይቆማል። ዋጋው ፍሰቱ ከዒላማው ትንሽ ርቆ መኖሩ ነው። ውኃ የሚያጠራቅም ታንክ ላይ ከሆነ ማንም አያየውም። ነዳጅና አየር የሚመጣጠንበት ቦይለር ላይ ግን አታድርጉት፤ እዚያ ቫልቩን ለማውጣት ማሽኑን ማቆም ይሻላል፣ የምርት ኃላፊው ቢቆጣም።